ብልቃጡ ወዴት ይሂድ? ጉንዳንን ከቦታ ቦታ ስለማዛወር፣ በፊዚክስ ዓይን

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን አንድ የመስታወት ብልቃጥ ይዛ ወደ ቢሮአችን መጣች። በብልቃጡ ውስጥ አፈር፣ በውኃ የራሰ ጥጥና ከሦስት መቶ የማያንሱ ጥቃቅን ጥቁር ጉንዳኖች ነበሩ። በሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ከአንድ ድንጋይ ሥር ከነንግሥቶቻቸው አንሥታ ለአራት ወራት ያህል ስትመግባቸው፣ ስትመለከታቸውና ያየችውን በደብተር ስትመዘግብ ቆይታለች። አሁን ለዕረፍት ወደ ዱራሜ ልትሄድ ስለሆነ የጉንዳኖቹ ነገር አሳስቧታል። «መምህር፣ መግደሉ ያሳዝነኛል። እቤታችን ጓሮ ውስጥ እንሰት አለ፤ ጥላውም እርጥበቱም ይስማማቸዋል። እዚያ ወስጄ ብለቃቸው ምን ይመስልዎታል?» ስትል ጠየቀችን።

እኛም ብዙ ሳናስብ «መልካም ነው» አልናት። የፊዚክስ መምህር ስለ ጉንዳን ሲጠየቅ የሚሰጠው ፈጣን መልስ ይህንኑ የመሰለ ነው። ማታ እቤታችን ተቀምጠን የተማሪዎች ፈተና ስናርም ግን «ጓሮ ውስጥ እንሰት አለ» ያለችው ቃል ከአእምሮአችን አልወጣ አለ። የፈተናውን ወረቀት ወደ ጎን አድርገን ማንበብና ማስላት ጀመርን። በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዋን አስጠርተን የሰጠናትን መልስ አነሣን። ይህ ጽሑፍ መልሳችንን ለምን እንደለወጥን ያስረዳል።

እንሰትና እረኛው

በሀዲያና በከምባታ ምድር እንሰት ምን ማለት እንደሆነ ለአካባቢው አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ቆጮውም፣ ቡላውም፣ አሚቾውም የሚገኘው ከእርሱ ነው፤ ገመዱ የሚገመደው፣ ከብቱ የሚቀለበው ከእርሱ ነው። ዝናብ ባጠረ ዓመት ቤተሰብን ከችግር የሚያሻግርም እርሱ ነው። እንሰትን ከሚያጠቁት ተባዮች መካከል አንዱ በሥሩና ከመሬት በታች ባለው ግንዱ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ሚሊባግ ከሚባሉት ነፍሳት ወገን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቶታል። የተክሉን ጭማቂ ስለሚመጥ እንሰቱ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ሥሩ ስለሚመናመንም ተክሉ በቀላል ጉልበት ተነቅሎ ይወጣል። ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚስፋፋው በዋናነት ከተበከለ ቦታ በሚወሰድ ችግኝ ነው።

ታዲያ ጉንዳን እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ሚሊባግ ከመጠጠው ጭማቂ የተረፈውን ስኳር ማር መሰል ጠብታ አድርጎ ያስወግዳል። ጉንዳኖች ይህን ጠብታ እጅግ ይወዱታል። ስለሚወዱትም ሚሊባጉን ከጠላቶቹ ይጠብቁታል፤ ግልገሎቹንም በአፋቸው ይዘው ከሥር ወደ ሥር፣ ከተክል ወደ ተክል ያዛውሯቸዋል። በአጭሩ፣ ሚሊባጉ ከብት ቢሆን ጉንዳኑ እረኛው ነው። እረኛ የሌለው ተባይ በገዛ እግሩ ሩቅ አይሄድም፤ እረኛ ያገኘ ግን ጓሮውን ያዳርሳል።

ጉንዳን ሁሉ እረኛ አይደለም። ዘር ለቃሚ አለ፣ ሥጋ በል አለ፣ ሁሉን በል አለ። ነገር ግን የተማሪዋን ደብተር ስናገላብጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተጻፈ አንድ መስመር አገኘን፦ ጉንዳኖቹ የሞተ ዝንብና የስኳር ውኃ በቀረበላቸው ቁጥር አስቀድመው ወደ ስኳሩ እንደሚሄዱ መዝግባለች። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብልቃጡን ወደ እንሰት ጓሮ ከመውሰድ ለመታቀብ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ከጣና ዳር የተገኘው መንጋ

በደብተሩ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። በብልቃጡ ያለችው ንግሥት አንዲት ብቻ አልነበረችም፤ አራት ነበሩ፣ እርስ በርሳቸውም አይጣሉም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የተማርነው የጉንዳን መንጋ አንዲት ንግሥት፣ አንድ ጎጆ፣ አንድ የታወቀ ድንበር ያለው ነው። ከሌላ ጎጆ የመጣ ጉንዳን እንደ ጠላት ይቆጠራል። በዓለም ላይ በሥነ ምኅዳር ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሱት ጉንዳኖች ብዙዎቹ ግን ይህን ሕግ አይከተሉም። በአንድ መንጋ ብዙ ንግሥቶች ይኖራሉ፤ ጎጆዎቹ በመቶና በሺህ ቢቆጠሩም በመካከላቸው ጠብ የለም። እንዲህ ያለውን ልዕለ መንጋ ብንለው ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ከደቡብ አሜሪካ ወደ አውሮፓ የገባው የአርጀንቲና ጉንዳን ከጣሊያን እስከ ስፔን የአትላንቲክ ዳርቻ ድረስ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን አንድ ልዕለ መንጋ ሠርቷል።

ይህን የምናነሣው ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ስላልሆነ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የጉንዳን ዝርያዎችን ሲመዘግቡ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለ ጥቁር ጥቃቅን ጉንዳን ከደኑ አልፎ በእርሻው፣ በመንገዱና በቤቱ አካባቢ ሁሉ በብዛት እንደሚገኝ አስተዋሉ። ማግዳሌና ሶርገር፣ ዋረን ቡዝ፣ ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ፣ ማርጋሬት ላውማንና ማርክ ሞፌት ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት ውስጥ ከመንጋዎቹ ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ከተለያየ ቦታ የመጡ ጉንዳኖችን በማገናኘት ይጣሉ እንደሆነ ፈትነዋል፤ የዘር ቅንጣታቸውንም መርምረዋል። የሚያስገርመው ነገር ይህ ነው፦ የአርጀንቲና ጉንዳን በሄደበት አገር የማይጣላው ሁሉም ከጥቂት መጤዎች በመወለዳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ ነው የሚል ማብራሪያ በሰፊው ይሰጣል። የጣናው ጉንዳን ግን በትውልድ አገሩ ያለ፣ በዘርም የተለያየ ሆኖ ሳለ አይጣላም። ስለዚህ ያ ማብራሪያ ለእርሱ አይሠራም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንድናስተውል እንወዳለን። ይህ ጉንዳን የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው፤ ከየትም አልመጣም። ሆኖም ተመራማሪዎቹ በንግድ ዕቃ ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ወራሪ ሊሆን እንደሚችል አሳስበዋል። ሥጋቱ መሠረት አለው። የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ዝርያ፣ ሌፒሲዮታ ፍራውንፌልዲ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራሊያ ፐርዝ፣ በ2015 ደግሞ በዳርዊን ወደብ ተገኝቶ የማጥፋት ዘመቻ ተከፍቶበታል። ስለዚህ «ወራሪ» የሚለው ቃል የጉንዳኑ ባሕርይ መጠሪያ አድርገን ከያዝነው እንሳሳታለን። ወራሪነት በአንድ ዝርያና በአንድ ቦታ መካከል ያለ ግንኙነት ነው። በአንዱ ቦታ ሰላማዊ ነዋሪ የሆነው በሌላው ቦታ ጠንቅ ይሆናል። «የአገራችን ጉንዳን ስለሆነ በአገራችን ውስጥ ባዛውረው ምንም አይደለም» የሚለው ክርክርም በዚሁ ምክንያት ውድቅ ነው። የአገር ድንበር የሰው ሥራ ነው፤ ከጣና ዳር እስከ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና እስከ ቢላቴ ሸለቆ ያለውን የከፍታና የአየር ጠባይ ልዩነት ጉንዳን በፓስፖርት አይለካውም።

ስለ ሥርጭት ጥቂት ፊዚክስ

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንግባ። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ ቀለም ብንጨምር ቀለሙ ቀስ በቀስ ይሠራጫል። እያንዳንዱ ቅንጣት ወዲያና ወዲህ በዘፈቀደ ይጓዛል፤ ከተነሣበት ቦታ የሚርቅበት አማካይ ርቀትም የሚያድገው ከጊዜው ጋር ሳይሆን ከጊዜው ካሬ ሥር ጋር ነው። ሁለት እጥፍ ለመራቅ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ዲፊዩዥን የምንለው ነው።

ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከቀለም የሚለዩት ስለሚራቡ ነው። ሥርጭትና መራባት ሲጣመሩ ፊት ለፊት የሚጓዝ ማዕበል ይፈጠራል፤ ፍጥነቱም የጸና ነው። የማዕበሉን ፍጥነት «ፍ»፣ የመራባቱን መጠን «መ»፣ የሥርጭቱን መጠን «ሥ» ብንላቸው፦

ፍ = 2√(መ × ሥ)

ይህን ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1937 ፊሸር ለጠቃሚ ዘር ስርጭት አውጥቶታል። በ1951 ደግሞ ስኬላም የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1905 በፕራግ አጠገብ የተለቀቁ ጥቂት የሰሜን አሜሪካ የውኃ አይጦች አውሮፓን እንዴት እንደወረሩ ለማስረዳት ተጠቅሞበታል። አይጦቹ በየጊዜው የያዙትን ስፋት ካሬ ሥር ወስዶ ከዓመቱ ጋር ቢያነጻጽረው ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ሊያርፉ ቀረቡ። ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ሥዕል የለም። እነዚያን አይጦች የለቀቀው ሰው ክፉ አልነበረም፤ አይጦቹ በግዛቱ ውስጥ ቢኖሩ ደስ ስለሚለው ነው።

ከቀመሩ የምንማረው ዋናው ነገር ካሬ ሥሩ ነው። ሥርጭቱ አራት እጥፍ ቢጨምር እንኳ የማዕበሉ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ማዕበሉ በተፈጥሮው ዘገምተኛ ነው። ብዙ ንግሥት ያላቸው ጉንዳኖች ደግሞ ይብሱኑ ዘገምተኞች ናቸው፤ ንግሥቶቻቸው በአብዛኛው በክንፍ አይሄዱም፤ ጥቂት ሠራተኞችን አስከትለው ከእናት ጎጆ በእግር ይከፈላሉ። ስዋሬዝ፣ ሆልዌይና ኬዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት የአርጀንቲና ጉንዳን በዚህ መንገድ ሲስፋፋ በዓመት ቢበዛ 150 ሜትር ያህል እንደሚራመድ አሳይተዋል። በሰው ዕቃ ውስጥ ተሳፍሮ በሚያደርገው ዝላይ ግን በዓመት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ይህም ሺህ እጥፍ ገደማ ነው።

ይህን ቁጥር ወደ አካባቢያችን እናምጣው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ በአየር መስመር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት 150 ሜትር የሚሄድ መንጋ ይህን መንገድ ለመጨረስ 233 ዓመት ይፈጅበታል። በዘመነ መሳፍንት ከሆሳዕና ጉብታ የተነሣ መንጋ ዱራሜ የሚደርሰው ገና ዛሬ መሆኑ ነው። ብልቃጥ የያዘች ተማሪ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል ብንል፣ የፍጥነቱ ልዩነት አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። በፊዚክስ አንድ መጠን በሚሊዮን እጥፍ ሲለወጥ የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው አንልም፤ ክስተቱ ራሱ ሌላ ክስተት ሆኗል እንላለን።

ምናልባት «ከሦስት መቶ ጉንዳን ምን ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሙከራ አንዲት የአርጀንቲና ጉንዳን ንግሥት ከአሥር ሠራተኞች ጋር ብቻ ተለይታ ስትቀመጥ መንጋው ማደጉ ታይቷል። አሥር ሠራተኛ ማለት በእናት ጎጆ አጠገብ ከተቀመጠ ዳቦ ጋር ሳይታወቅ በከረጢት ሊገባ የሚችል ቁጥር ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ ደግሞ የመነሻ ነጥቦች ቁጥር የባሰ ነገር አለው። አንድ መንጋ በአንድ ነጥብ ተነሥቶ በሁሉም አቅጣጫ በዓመት 150 ሜትር ቢሰፋ፣ በ10 ዓመት ግማሽ ስፋቱ 1.5 ኪሎ ሜትር፣ የያዘው መሬት 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያንኑ መንጋ አሥር የክበብ አባላት ተካፍለው አንዱ ወደ ሾኔ፣ አንዱ ወደ አንጋጫ፣ ሌላው ወደ ሺንሺቾ፣ ሌሎቹም ወደየትውልድ ቀበሌያቸው ቢወስዱትስ? በዚያው 10 ዓመት የተያዘው መሬት 70 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንዱ መንጋ ብቻውን ይህን ያህል ለመያዝ ከ31 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ሙዲና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ወራሪ ዕፅዋትን ለመግታት ከትልቁ መንጋ ይልቅ ትንንሾቹን አዳዲስ ነጥቦች ማጥፋት ይበልጥ ውጤታማ መሆኑን በሒሳብ ያሳዩት በዚሁ ምክንያት ነው። በቅን ልቦና የሚዛወር ብልቃጥ የሚሠራው ታዲያ ምንድን ነው? አዲስ ነጥብ ነው።

ምሕረቱ ለማን ነው?

ተማሪዋ «መግደሉ ያሳዝነኛል» ማለቷ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፍን ወደ ጉንዳን ልኮ እንዲማር የሚያደርግበት አገር ልጅ ናት። ነፍሳት ሕመም ይሰማቸዋል ወይስ አይሰማቸውም የሚለው ጥያቄም ዛሬ በሳይንቲስቶች ዘንድ በቁም ነገር የሚጠና ነው። አራት ወር ያበላ እጅ ያበላውን ለመግደል ቢያመነታ ጤናማ ነገር ነው እንላለን።

ነገር ግን ምሕረት ሒሳብ አላት። በብልቃጡ ያሉትን ሦስት መቶ ነፍሳት ለማዳን ስንል በጓሮው ውስጥ አስቀድመው የሚኖሩትን እንረሳለን፤ እነርሱን ግን ማንም በስም አያውቃቸውም፣ ማንም አላበላቸውም። በኬንያ ላይኪፒያ የሆነውን እንመልከት። በዚያ ሜዳ በእሾሁ ሥር ያበጠ ክፍል ያለው የግራር ዝርያ አለ። በእብጠቱ ውስጥ የሚኖሩ የአገሬው ጉንዳኖች ዝሆን ቅርንጫፉን ሊሰብር ሲሞክር አፍንጫው ውስጥ ገብተው እየነከሱ ያባርሩታል። ትልቅ ጭንቅላት ያለው መጤ ጉንዳን፣ ፌይዶሌ ሜጋሴፋላ፣ ሲገባ እነዚህን ጠባቂዎች ፈጃቸው። ዝሆኖች ግራሩን ያለ ሥጋት ይሰብሩት ጀመር፤ ሜዳው ገላጣ ሆነ፤ አንበሶች የሜዳ አህያን አድብተው የሚይዙበት ሽፋን ጠፋ። ዳግላስ ካማሩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት አንበሶች ከገደሏቸው እንስሳት መካከል የሜዳ አህያ ድርሻ በ2003 ከነበረው 67 በመቶ በ2020 ወደ 42 በመቶ መውረዱን፣ በዚያው ዘመን ከምንም ተነሥቶ የጎሽ ድርሻ ወደ 42 በመቶ መውጣቱን አሳይተዋል። የሩዝ ፍሬ የማታክል ጉንዳን የአንበሳን ምግብ ለወጠች። መጤውን ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳሰበ ማንም አይጠይቅም፤ ሐሳቡ በቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውምና።

በአገራችንም የቅን ሐሳብ ወጪ ምን ያህል እንደሆነ የአፋር አርብቶ አደር ያውቀዋል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አፈር እንዲያቅብ፣ ጥላ እንዲሰጥ ታስቦ ነው የተተከለው። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል፤ የግጦሹን ሣር ያጣው ግን ዛፉን የተከለው ባለሙያ ሳይሆን ምክሩ ያልተጠየቀው አርብቶ አደር ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ቋጠሮ እዚህ ላይ ይመስለናል። ብልቃጡን የሚለቅ ሰው የሚያገኘው የኅሊና ዕረፍት ነው፤ ሊመጣ የሚችለውን ዕዳ የሚከፍለው ግን ጎረቤቱ ነው። የዱራሜዋ እናት እንሰቷን ስትተክል «እረኛ ጉንዳን ይምጣብኝ» ብላ አልፈረመችም። ከዚያም በላይ አንድ ጊዜ የተለቀቀ መንጋ ተመልሶ ወደ ብልቃጡ አይገባም። ስሕተቱ ሊታረም የሚችልበትንና የማይችልበትን ምርጫ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ተማሪዋም አንሥታዋለች። «መምህር፣ በየማክሰኞው ገበያ ችግኝ ከነአፈሩ፣ እህል ከነጆንያው፣ የቡና ማዳበሪያ ሁሉ ከከተማ ወደ ከተማ ይጫናል። ጉንዳን በየቀኑ ይጓዛል። የእኔ ብልቃጥ ምን ይጨምራል?» እውነት አላት፤ ችግኝ ያለ ቁጥጥር መዘዋወሩ ከብልቃጥ የከፋ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የግብርና ባለሙያዎች ብዙ ይጠበቅባቸዋል። ሆኖም በጆንያ የሚሄደው ጉንዳን በአብዛኛው ያለ ንግሥት ነው፣ በሙቀት ይሞታል፣ በአስፋልት ላይ ይራገፋል። በብልቃጡ ያለው ግን ከነንግሥቶቹ ተመርጦ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ በጥላና በእርጥበት ቦታ በእጅ ተይዞ የሚደርስ ነው። ልዩነቱ የቁጥር ሳይሆን የዕድል ነው። ሌላው ልዩነት ደግሞ ጆንያው ምን እንደያዘ አያውቅም፤ እርሷ ታውቃለች።

ስለ ንግዱም አንድ ቃል

በአውሮፓና በእስያ ከተሞች ጉንዳን በመስታወት ቤት የሚያኖሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ለትምህርታችን በውጭ አገር በቆየንበት ጊዜ አንድ የዶርም ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ቤት ነበረው፤ ማታ ማታ ከቴሌቪዥን ይልቅ እርሱን ማየት ደስ ይለን ነበር። በጎ ልማድ ነው፤ ትዕግሥትንና ማስተዋልን ያስተምራል። ወደ ገበያ ሲወጣ ግን መልኩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በኬንያ ሁለት የቤልጂየም ወጣቶች 5,000 ያህል ንግሥት ጉንዳኖችን ጥጥ በተወተፈባቸው ከ2,000 በላይ ትንንሽ ቱቦዎች ይዘው ተገኙ። አብዛኞቹ ሜሶር ሴፋሎቴስ የተባለው ግዙፍ ዘር ለቃሚ ነበሩ። በግንቦት ወር ናይሮቢ ያለው ፍርድ ቤት እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም 12 ወር እንዲታሰሩ ወሰነ። ጉዳዩ ሁለት ጉዳት አለው፦ ንግሥቶቹ የተወሰዱበት ሜዳ ዘር ለቃሚዎቹን ያጣል፤ የሚደርሱበት አገርም የማያውቀውን እንግዳ ይቀበላል። በአገራችንም የጀነቲክ ሀብትን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ፈቃዱን በሚመለከት የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትም መጤ ዝርያዎች እንዳይገቡ መከላከልን በአንቀጽ 8 ደንግጓል። ጉንዳን ትንሽ ነው ተብሎ ከእነዚህ ሕጎች ውጪ አይሆንም።

ብልቃጡ

ታዲያ ምን አደረግን? በመጀመሪያ ጉንዳኖቹን ከወሰደችበት ድንጋይ ሥር መመለስ ይቻል እንደሆነ ተነጋገርን። በፊዚክስ ቋንቋ ተነሥቶ ወደተነሣበት የተመለሰ አካል ጠቅላላ መፈናቀሉ ዜሮ ነው፤ አዲስ ነጥብ አይፈጥርም። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከሌላ መንጋ ጋር ሳይቀላቀሉ፣ ከዚያው ድንጋይ ሥር ቢመለሱ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን አራት ወር አልፏል፤ ድንጋዩ በግንባታ ምክንያት ተነሥቷል፤ በዚያ ላይ በመካከሉ ከሌላ ጎጆ የመጡ ጉንዳኖችን ጨምራበት እንደነበር ደብተሯ ይናገራል። የተቀላቀለን መንጋ መመለስ መመለስ አይባልም።

ማቆየትም ይቻል ነበር፤ በዕረፍቱ የሚመግባቸው ሰው ግን አልተገኘም። የቀረው ብልቃጡን በሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። ነፍሳት ሲቀዘቅዙ እንቅስቃሴያቸው እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል፤ ከፈላ ውኃና ከመርዝ ይሻላል። ከዚያም በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ተቀመጡ፤ የተገኙበት ቦታ፣ ቀን፣ የቦታው ከፍታና የንግሥቶቹ ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ አብሯቸው ገባ፤ ቀለም በአልኮል ይሟሟልና። አፈሩም ተቃጠለ። ተማሪዋ ይህን ሁሉ ራሷ አደረገች፤ እኛ ብርሃኑን ብቻ ያዝንላት።

ይህ ሥራ ከመግደል ሌላ ፍሬ አለው። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ሞቢል ወደብ አጠገብ ባለ ባዶ ቦታ እንግዳ ጉንዳን አይቶ የመዘገበ የ13 ዓመት ታዳጊ ነበር። ያየው በኋላ የደቡብ አሜሪካ አገሮችን ለቆ የአሜሪካን ደቡብ ግዛቶች ያጥለቀለቀው እሳት ጉንዳን ነበር፤ ልጁም በኋላ ታላቁ የጉንዳን ሊቅ ኤድዋርድ ዊልሰን ሆነ። ያስተዋለውን ያወቀው ቦታውን ስለመዘገበ ነው፤ ጉንዳኑን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ቢለቀው ኖሮ ግን መረጃውንም ባበላሸው ነበር። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአካባቢው ያሉ የሳይንስ ክበባት አንድ ዓይነት ጉንዳን በብዛት ሲያዩ ፎቶግራፍ ቢያነሡ፣ ጥቂት ሠራተኞችን በአልኮል ቢያስቀምጡ፣ ቦታውን ቢጽፉ፣ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ቢያሳዩ ለአካባቢው የማይገኝ መረጃ ይሆናል። ሕያው መንጋ ማኖር የሚፈልግ ደግሞ ከግቢው አጠገብ የተገኘውን፣ አንዲት ንግሥት ብቻ ያላትን መንጋ፣ ክዳኑ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ያኑር፤ ለጓደኛ አይስጥ፣ በመኪና አይላክ።

መልመጃ

ከሆሳዕና እስከ ባሕር ዳር በአየር መስመር 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት 150 ሜትር የሚሄድ መንጋ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ቀጥሎም 38 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የጣናው ልዕለ መንጋ ከአንድ ጎጆ ተነሥቶ በሁለቱም አቅጣጫ በዚሁ ፍጥነት የሰፋ ነው ብለን ብናስብ ዕድሜው ስንት ይሆናል? (ፍጥነቱ የተወሰደው ከአርጀንቲና ጉንዳን ነው፤ የጣናው ጉንዳን ከዚህ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል።) ያገኛችሁት ቁጥር ከ120 ዓመት በላይ ከሆነ ሁለት ሐሳቦች አሉ፦ አንደኛው መንጋው በእግሩ ቀስ ብሎ እዚያ የደረሰ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው በጭነቱ እየረዳው በዝላይ የሰፋ ነው የሚል ነው። በሁለቱ መካከል ለመለየት በካርታ ላይ ምን ዓይነት ሥርጭት ትፈልጋላችሁ? ጎጆዎቹ በመንገድ ዳር ቢበዙ፣ በመካከል ባዶ ቦታ ቢኖር፣ ወይም ሁሉንም ቦታ እኩል ሸፍነው ቢገኙ፣ እያንዳንዱ የትኛውን ሐሳብ ይደግፋል?